ግቢ የቆመችውን አሮጌ ጂቲአይ እንዴት እናስነሳት? አራት መንገዶች ሲነጻጸሩ

ድሬዳዋ ውስጥ ግቢ ለግቢ የዞረ ሰው ያውቃታል። ጥግ ላይ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ አቧራ ለብሳ የቆመች ትንሽ መኪና። ጎማዋ ተንፍሷል። ኮፈኗ ላይ ድመት ትተኛለች። ባለቤቱን ስለሷ ስትጠይቁት እጁን ያወናጭፍና "አቦ ተወኝ፣ አንድ ቀን እሠራታለሁ" ይላል። ያ አንድ ቀን አሥር ዓመት አልፎታል።

የእኔም እንደዚያው ነበረች። ፔጆ 205 ጂቲአይ፣ ባለ 1.6 ሊትር። ከጎረቤት የገዛኋት ዘጠኝ ዓመት ከቆመች በኋላ ነው። ምክር ያልሰጠኝ ሰው አልነበረም፤ ምክሮቹ ግን እርስ በርስ ይጣሉ ነበር። አንዱ "እስከ ላሜራዋ ፍታት" አለ። ሌላው "የቶዮታ ሞተር ግጠምባትና ተገላገል" አለ። ሦስተኛው "ባትሪ ቀይርና አስነሳት፣ ሌላው ይደርሳል" አለ። "ለጋራዥ ስጥና እንቅልፍህን ተኛ" ያለም ነበር። አራቱንም በየተራቸው አስቤያቸዋለሁ፤ ሁለቱን ደግሞ በገንዘቤ ሞክሬያቸዋለሁ።

አሁን ጥያቄው የመዝናኛ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ የቆየ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ አገደ። ስለዚህ ግቢ ውስጥ ያለችው ድሮ ከነበራት ግምት በላይ ታወጣለች።

ስለ ምን ዓይነት መኪና ነው የምናወራው?

ሆት ሃችባክ የሚባሉት ከላይ ሲታዩ የእማማ ገበያ መሄጃ የሚመስሉ፣ ሞተራቸው ግን ጉልበተኛ የሆነ ትንንሽ መኪኖች ናቸው። ስሙን ያስጠራው የቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲወጣ ባለ 1.6 ሊትር፣ 110 የፈረስ ጉልበት ነበር። 205 ጂቲአይ በ1984 በ105 ፈረስ ጀመረ፣ ቆይቶ 115 ደረሰ። ባለ 1.9 ሊትሩ 130 ነው። መኪናዋ 900 ኪሎ እንኳ አትሞላም። ፔዳሏን ስትረግጧት ምን እንደምትሆን አስቡት።

ለእኛ ዋናው ነገር ግን ፍጥነቷ አይደለም። ሐረር ለስንት ዘመን ታክሲ ሆና ያገለገለችውን ፔጆ 404 የአካባቢያችን መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራታል። ካርቡራተር ናት፣ ብረት ናት፣ ትታገሳለች። 205 ጂቲአይ "ፔጆ" ስለተባለች ብቻ እንደ 404 ከተያዘች ትበላሻለች። ቤንዚኗን የሚረጨው ቦሽ ኤል-ጄትሮኒክ የሚባል ኢንጀክሽን ነው። የሞተሯ አካል አልሙኒየም ነው፤ ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ላይነሮችም ውሃው ውስጥ ቆመው የተቀመጡ፣ ከታች በማሸጊያ ብቻ የተያዙ ናቸው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ዋጋ አስከፍላኛለች።

መለኪያዎቹ

ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው "የትኛው መንገድ ጥሩ መኪና ያወጣል?" ብሎ ነው። እኔ አንደኛ የማስቀምጠው ሌላ ጥያቄ ነው፦ *ገንዘብ ወይም ጊዜ አልቆብኝ መሃል ላይ ብቆም ምን ይዤ እቀራለሁ?* ግቢ ውስጥ የሞቱት መኪኖች አብዛኞቹ የሞቱት ተበላሽተው አይደለም። ተፈትተው ነው። ዕቃቸው በሦስት ማዳበሪያ ታስሮ፣ አንዱ ማዳበሪያ ከቤት ዕቃ ጋር ተጥሎ።

ሁለተኛው መለኪያ መለዋወጫ ነው። ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ ባትሪ እዚሁ አለ። የጂቲአይ ጓርኒሲዮን (በሞተር ክፍሎች መካከል የሚገባው ማሸጊያ)፣ ታይሚንግ ቺንጋና የኢንጀክሽን ዕቃ ግን ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ወይም በጅቡቲ በኩል ነው የሚገኘው። አንድ መንገድ ስንት እንዲህ ያለ ዕቃ እንደሚፈልግ ቁጠሩ።

ሦስተኛው ጥላ ነው። ስቀልድ አይደለም። ድሬ ውስጥ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ቁልፍ እጅ ይልጣል። ከምሳ በኋላ ደግሞ ጫቱም ሙቀቱም አለ፤ ሥራ የሚባለው ጠዋት ለሦስት ሰዓት፣ ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የአውሮፓ ሰው በሁለት ቅዳሜ የሚጨርሰውን እኛ በአምስት ብንጨርሰው አይግረማችሁ።

አራተኛው ወረቀት ነው፦ ሊብሬ፣ ሻንሲ ቁጥር፣ ሞተር ቁጥር፣ ቦሎ።

ከመምረጥ በፊት አንድ ጠዋት

የትኛውንም መንገድ ከመምረጣችሁ በፊት ሞተሯ ይዞርላት እንደሆነ እወቁ። ባትሪ አስገብታችሁ ቁልፍ እንዳትመቱ። ካንዴላዎቹን አውጡ፣ በየቀዳዳው ትንሽ የሞተር ዘይት ጠብ አድርጉና አሳድሩት። በማግስቱ የክራንኩን (ፒስተኖቹን የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ) ቡሎን በትልቅ ቁልፍ ይዛችሁ በእጅ አዙሩ። በእርጋታ ከዞረች ግማሹ ጭንቀት ወረደ። ካልዞረች አታስገድዷት፣ ዘይት ጨምራችሁ ደግሞ አሳድሯት።

ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱና በባትሪ መብራት እዩ። የእኔን ሳይ ሳቄ መጣ። የማንቆርቆሪያችን ታች የሚጋገረው ነጭ ነገር እዚያም ተጋግሮ ቁጭ ብሏል። የድሬ ውሃ ኖራው ብዙ መሆኑን ሻይ የሚያፈላ ሁሉ ያውቃል፤ የቀድሞው ባለቤት ግን ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲሞላባት ኖሯል። ለአልሙኒየም ሞተር ይህ ሁለት ጉዳት አለው። ኖራው ጠባቡን መተላለፊያ ይዘጋል፣ መከላከያ ፈሳሽ የሌለው ውሃ ደግሞ አልሙኒየሙን ይበላዋል። "እኛ አገር በረዶ የለም፣ ኩላንት ለምኔ?" የሚል መካኒክ ከገጠማችሁ ፈገግ በሉና የራሳችሁን ገዝታችሁ ሙሉ። ስትበርዙት በተጣራ ውሃ (ዲስቲልድ ዋተር) ይሁን። ሱቅ ስትጠይቁ "የባትሪ ውሃ" ብቻ እንዳትሉ፣ አሲድ ሊሰጧችሁ ይችላሉ።

ሰልባትዮውንም (የቤንዚን ማጠራቀሚያውን) አሽትቱት። ለዓመታት የቆየ ቤንዚን፣ ቤንዚን ቤንዚን አይሸትም፤ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይላል። እሱን ሙሉ በሙሉ ሳታወጡ ፖምፓውን ካስነሳችሁት ያንን ሙጫ ወደ ኢንጀክተሮቹ ትገፉታላችሁ።

በመጨረሻም ከኋላ አሥር ርምጃ ራቁና እዩአት። የኋላ ጎማዎቿ አናታቸው ወደ ውስጥ ካዘነበለ የኋላ አክስሏ ኩሽኔታ ተበልቷል ማለት ነው። የ205 የታወቀ በሽታ ነው። መጠገን ይቻላል፣ ግን ቀላል ሥራ አይደለም፤ ዋጋ ስትከራከሩ አንሱት።

አንደኛው መንገድ፦ ተራ በተራ

መኪናዋን ሳትበትኑ አንዱን ክፍል ሠርታችሁ፣ ገጥማችሁ፣ ወደሚቀጥለው ማለፍ። እኔ መጨረሻ ላይ የቆየሁት እዚህ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ነገር አይፈታም።

ቅደም ተከተሉ ግን ስሜታችሁ የሚለው አይደለም። ስሜት ቀለም ቀቡ፣ ቸርኬ አብሩ ይላል። መጀመሪያ ፍሬን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ ዓመታት ሲቆይ ፒስተኖቹን ያዝጋል። የላስቲክ ቱቦዎቹም ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ ያብጣሉ። ጎማዎቹን ጥርሳቸው ሙሉ ነው ብላችሁ አትመኑ፤ ጎናቸው ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አንብቡ። 2312 ካለ በ2012 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ጎማ ይዞ በሐረር መንገድ ያለውን የደንገጎ ዳገት መውጣት ራስን መጥላት ነው።

ከፍሬን ቀጥሎ ማቀዝቀዣው፣ ከዚያ ነዳጁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለካርቡራተር የሚሸጥ ተራ የቤንዚን ጎማ ለዚህች መኪና አይሆንም። ኢንጀክሽኗ ከ2 ባር በላይ ግፊት አለው፤ ተራው ጎማ ቀስ ብሎ ያልባል፣ ከዚያ ይቀደዳል፣ ከሥሩ ደግሞ ትኩስ ሞተር አለ። ለኢንጀክሽን የተሠራውን ፈልጉ። ማጥበቂያ ክላምፑም ጎማውን የማይቆርጠው ዓይነት ይሁን።

ታይሚንግ ቺንጋው ምንም ያህል አዲስ ቢመስል ይቀየር። ቆሞ የኖረ ላስቲክ ነው፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉ።

የእኔ መኪና ይህ ሁሉ ተሠርቶላት እንኳ አልነሳ አለች። ካንዴላ ብልጭታ አለው፣ ቤንዚን አይመጣም። ሁለት ሳምንት ፖምፓውን ስጠራጠር ከረምኩ። ጥፋቱ ኮፈኑ ሥር ያለች፣ ታኪሜትሪክ ሪሌይ የምትባል የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳጥን ነበረች። ሞተሩ ሲዞር ብቻ ለፖምፓው ኤሌክትሪክ የምትለቅ እሷ ናት። ከፍቼ በማጉያ ሳያት አንዷ እግር ዙሪያ ያለው ብየዳ ፀጉር በምታህል ክብ መስመር ተሰንጥቋል። ታይዋን ሰፈር ያለ ሞባይል ጠጋኝ ከፉል ቁርስ ባልበለጠ ዋጋ በየዳት። በሁለተኛው ምት ተነሳች። ኮፈኗ ላይ የምትተኛው ድመት ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተመለሰችም።

የዚህ መንገድ ድካሙ አለመጨረሱ ነው። ሁልጊዜ አንድ የሚቀር ነገር አለ። ቀለሟ የተላጠ፣ ክሩስኮቷ የተሰነጠቀ መኪና ለወራት ትነዳላችሁ፣ የሰፈር ልጆችም ይስቁባችኋል። ግን ትነዳላችሁ።

ሁለተኛው፦ እስከ ላሜራው መፍታት

ውጤቱ የሚያምረው ይህ ነው። ምንጣፍ ሥር ያለ ዝገት፣ የባትሪ ማስቀመጫው ሥር የተበላ ላሜራ፣ የኋላ መስታወት ጎማ ዙሪያ የተደበቀ ቀዳዳ፣ ሁሉም ይታያል። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ እዚህ የኖረ ቦዲ ብዙ ጊዜ ከሚታሰበው የተሻለ ነው፤ ስለዚህም ለብዙዎቻችን ሙሉ መፍታት አያስፈልግም። ፀሐዩ የሚጨርሰው ላስቲኩንና ፕላስቲኩን ነው። እንግዲህ መፍታት ማለት እሱን መንካት ነው። ሠላሳ ዓመት በድሬ ፀሐይ የተጠበሰ የበር ክሊፕ ሲነካ እንደ ደረቅ እንጀራ ይፈረፈራል፣ ምትኩም ሱቅ ውስጥ የለም።

ይህን ከመረጣችሁ የተዘጋ ክፍል ይኑራችሁ። የግቢ ጥግ አይበቃም። እያንዳንዱ ቡሎን በየከረጢቱ፣ በላዩ ጽሑፍ፣ ከመፍታት በፊት ፎቶ። ስቱኮ ከመደረጉ በፊት ላሜራው ራሱን ችሎ ይስተካከል፤ ወፍራም ስቱኮ በሙቀት ተሰንጥቆ ይወርዳል። ቀለሙን ደግሞ እባካችሁ ቤት አትርጩ። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት የመኪና ቀለም ጭሱ ሳንባ ይጎዳል፣ የጨርቅ ማስክ አይመልሰውም። ልጆች ያሉበት ግቢ ውስጥ አይታሰብም።

ሦስተኛው፦ ሞተሩን መለወጥ

የዚህ ሐሳብ ባለቤቶች ሞኞች አይደሉም። የቶዮታ ሞተር ዕቃው በየሱቁ አለ፣ የሚሠራውም ሰው በየሰፈሩ አለ። ኢንጀክሽን፣ ሪሌይ፣ ላይነር የሚባል ጭንቀት በአንድ ቀን ይቀራል።

ችግሩ ሞተሩ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ማቆሚያው ቶርኖ ቤት ይሠራል። ካምቢዮው ከጎማ ጋር የሚገናኝበት ዘንግ የሁለት መኪና ግማሽ ግማሽ ተቆርጦ ይገጠማል። ራዲያተር፣ ማርሚታ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ ሽቦ፣ ሁሉም ይነካካል። የተቆረጠው ደግሞ አይመለስም። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥርም ይለወጣል፤ ሥራው ሳይጀመር ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ ጠይቁ። ከተሠራ በኋላ ቦሎ ላይ መያዝ የሚያበሳጭ ነገር ነው።

እኔ በግሌ፣ የራሷ ሞተር ከውስጥ ተሰብሮ ካልሆነ አልመክረውም። ጂቲአይነቷ ያለው ሞተሯ ውስጥ ነው፤ እሱ ከወጣ የቀረችው ሁለት በር ያላት ጠባብ መኪና ናት። መሃለኛ መንገድ ፈልገው ኢንጀክሽኑን አውጥተው ካርቡራተር የሚተክሉም አሉ። ለጊዜው ትሄዳለች፣ ቤንዚን ትጨርሳለች፣ ጉልበቷም ይቀንሳል። ግን ዋናውን ዕቃ ጠቅልላችሁ ካስቀመጣችሁት መመለስ ይቻላል፤ ይህ ከሞተር ለውጥ ይለየዋል።

አራተኛው፦ ግማሹ ቤት፣ ግማሹ ጋራዥ

ቀላሉን ራሳችሁ፣ ከባዱን ባለሙያ። ጥበብ ያለው መንገድ ነው፣ ድንበሩ ግልጽ ከሆነ። የእኔ ድንበር ግልጽ አልነበረም።

የቴስታታዋ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን አለቀና አንድ ጋራዥ ሰጠኋት። ቴስታታውን አውርደው ቶርኖ ቤት ላኩት፣ ደህና። ማታ ሳልፍ አንድ ልጅ ክራንኩን በቁልፍ እያዞረ ፒስተኖቹ ሲወጡና ሲወርዱ ለጓደኛው ያሳየዋል። ለእሱ ምንም አልመሰለውም። እዚህ ሞተር ላይ ግን ላይነሮቹን ከላይ ጭኖ የሚይዛቸው ቴስታታው ነው። እሱ ሲነሳ በልዩ መያዣ ወይም በቡሎንና ትልቅ ዋሸር ካልተጫኑ፣ ፒስተኑ ሲወጣ ይዟቸው ይነሳል። የታችኛው ማሸጊያ ተላቀቀ። ተገጥማ በሦስተኛው ቀን የዘይት ክዳኑን ስከፍት ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል። ልጁን አልቆጣሁትም፣ ያልነገርኩት እኔ ነኝ። ሞተሩ ግን እንደገና እስከ ታች ተፈታ።

ከዚያ ወዲህ ለጋራዥ የምሰጠው የተፈታ ዕቃ ነው እንጂ መኪናዋን አይደለም። ቴስታታውን ተሸክሜ ቶርኖ ቤት እሄዳለሁ። ራዲያተሩን ፈትቼ ለሚያጥበው እወስዳለሁ። መኪናዋን ራሷን ከሰጣችሁ ደግሞ የማይነካውን በወረቀት ጽፋችሁ መሪው ላይ ለጥፉ። ቴርሞስታቱንም ጨምሩበት፤ "ድሬ ሙቀት ነው" ተብሎ ወጥቶ ይጣላል። ያለሱ ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ቶሎ አይሞቅም፣ ኢንጀክሽኑም ገና ብርድ ነው ብሎ ቤንዚን ያበዛል። ሙቀት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ጥፋቱ ከራዲያተሩ ኖራ ወይም ከማይነሳው ፋን ነው።

በአጭሩ

| መንገድ | ወጪ | ጊዜ | መሃል ላይ ብትቆሙ | ከውጭ የሚመጣ ዕቃ | ወረቀት |
|---|---|---|---|---|---|
| ተራ በተራ | በትንሽ በትንሹ | ረጅም፣ ግን እየተነዳ | የምትሄድ መኪና | መካከለኛ | ችግር የለውም |
| እስከ ላሜራ መፍታት | ከሁሉም በላይ | ከሁሉም ይረዝማል | ሦስት ማዳበሪያ ዕቃ | ብዙ | ቦሎው ይቆያል |
| ሞተር መለወጥ | ከባድ፣ በአንድ ጊዜ | መካከለኛ | ሁለት ግማሽ መኪና | ጥቂት | አስቀድሞ ይጠየቅ |
| ግማሽ ቤት፣ ግማሽ ጋራዥ | መካከለኛ | በጋራዡ ፍላጎት | እንደ ስምምነቱ | መካከለኛ | ችግር የለውም |

ማን የትኛውን ይምረጥ?

በወር ደመወዝ የምትኖሩ ከሆነ ሳታመነቱ ተራ በተራውን ያዙ። በየወሩ አንድ ነገር፣ ያም ነገር በወሩ ውስጥ የሚገጠም። ውጭ አገር ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ሽቶ አታስልኩ፤ ጓርኒሲዮን፣ ታይሚንግ ቺንጋና ያችን ሪሌይ አስልኩ። ሦስቱም ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ።

አንድ ላይ የተቀመጠ ገንዘብና የተዘጋ ክፍል ላላችሁ፣ ሌላ የምትነዱትም መኪና ካላችሁ፣ እስከ ላሜራ መፍታት ያምርባችኋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን ተዉት። ገንዘቡን ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን ለመገጣጠሚያው ደብቁት፤ መፍታት ርካሽ ነው፣ መግጠም ነው የሚያስከፍለው።

ልጅ ትምህርት ቤት ማድረሻ፣ ሳቢያን ሥራ መሄጃ የምትፈልጉ ከሆነ ጂቲአይ አትሥሩ። እውነቴን ነው። ሽጧትና ዕቃዋ በየሱቁ ያለ ተራ ቶዮታ ፈልጉ። ሞተር ለውጡን ለማሰብ የተገደዳችሁት እንዲህ ካለ ፍላጎት ከሆነ መልሱ ያው ነው።

እጃችሁ ቁልፍ ለማያውቅ አራተኛው መንገድ አለ፣ ግን ከሥራው በፊት ከመካኒኩ ጋር ሻይ ጠጡ። ስለ ላይነሮቹ ጠይቁት። "አውቃለሁ፣ ቴስታታው ሲወርድ ይጫናሉ" ካለ መኪናችሁን ስጡት። "ፔጆ ፔጆ ነው" ካለ ሻዩን ከፍላችሁ ውጡ።

የተነሳችውን መኪና ደግሞ ወዲያው ሐረር ለመውሰድ አትቸኩሉ። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ የደንገጎን ዳገት ይወጣል። መጀመሪያ ሜዳው ላይ፣ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር፣ በቀዝቃዛ ጠዋት ሁለት ሳምንት ንዷት። ፋኑ ሲነሳ ስሙት፣ ዘይቱን በየቀኑ እዩት። ከዚያ አንድ እሑድ ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ የኋላ ወንበር ላይ 5 ሊትር የተጣራ ውሃ አስቀምጣችሁ፣ ዳገቱን ሞክሩት። ስትመለሱ ቁልቁለቱን በማርሽ ያዙት። ፍሬኑ አዲስ ቢሆንም።